ያልመጣው ፉርጎ

የአፍደም ወተት ጭስ ጭስ ይላል። ሴቶቹ፣ ሶማሌዎች ዲል የሚሉትን ከቃጫ የተጎነጎነ የወተት ዕቃ ወተት ከመግባቱ በፊት በፍም ያጥኑታል። ጭሱ ዕቃውን ያጸዳል፤ ወተቱንም ለጥቂት ሰዓታት ከመበላሸት ያቆየዋል። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ፣ ከግራር ጥላ ስር ያገኘኋት እናት ከዲሉ ወደ ቢጫ ጀሪካን ልትገለብጥ ስትል መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ መዳፏ ላይ አፈሰሰች። አየችው፣ ቀመሰችው፣ ራሷን ነቀነቀች፤ የገለበጠችው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤቷ ያመጣችውን ግን ቀምሳ ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«የማታ ነው» አለች። የሚያስተረጉምልኝ የሰፈሩ ወጣት ነው። «ከጠዋቱ ጋር ከተደባለቀ ሁሉንም ያኮመጥጠዋል።»

«ኤዶ፣ ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና ቢዘገይስ?» አልኳት። ኤዶ በሶማሌኛ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

«ቢዘገይ ፀሐይ ትቀድመዋለች።»

ይህን እያወራን ምድሩ ነዘረ። በጅቡቲ በኩል የመጣ የዕቃ ባቡር ኮንቴይነር የተጫነባቸውን ፉርጎዎች አስከትሎ መጣ። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ፉርጎዎቹን ይቆጥሩ ጀመር፤ ሠላሳን ካለፉ በኋላ ተሳሳቱና ተዉት። ባቡሩ አልቆመም። አቧራው እስኪረጋ ድረስ ኤዶ የጀሪካኖቹን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ያዘች።

ያ ባቡር ወደ መሐል አገር የሚያስገባው ብዙ ነው፤ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ስንዴ፣ መኪና። ወደ ጅቡቲ ሲመለስ ግን አገራችን ከምትሸጠው የምትገዛው እጅግ ስለሚበልጥ ከኮንቴይነሮቹ ብዙዎቹ ባዷቸውን ይወርዳሉ። ባዶ ኮንቴይነር በሚያልፍበት መንደር ወተት በፀሐይ ይኮመጥጣል። ይህን ነገር ካየሁ ወዲህ ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም።

የተነሳሁት ስለ አንዲት ትንሽ አገር ልጽፍ ነበር። ባሕር የላትም፣ የድንጋይ ከሰል የላትም፣ ይህ ነው የሚባል ማዕድን የላትም። ስፋቷ 41 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሶማሌ ክልላችን ብቻውን ከስድስት እጥፍ በላይ ይበልጣታል። ሕዝቧ ወደ 9 ሚሊዮን ነው፤ የአንድ ሰው ድርሻ ሆኖ የሚሰላው ዓመታዊ ምርቷ ግን ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ስዊዘርላንድ ናት። ስለ እርሷ ለመጻፍ አፍደም ድረስ ምን አመጣህ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ይህን የባቡር መስመር ያሰበው ሰው የዚያች አገር ልጅ ነው።

* * *

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 እ.ኤ.አ. ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለዱ። ዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተምረው በ1871 ዓ.ም፣ ሁለት የአገራቸውን የእጅ ባለሙያዎች አስከትለው፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ አንኮበር ገቡ። እኛ «ሙሴ ኢልግ» እያልን የምናስታውሳቸው መሐንዲስ አዋሽ ላይ ድልድይ አቁመዋል፤ ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አምጥተዋል፤ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆነዋል። ከሁሉም በላይ ግን ስማቸው ከባቡር ጋር ተያይዞ ቀረ። በ1886 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክ ለ99 ዓመት የሚቆይ ፈቃድ ሰጧቸው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ የሚደርስ ሐዲድ እንዲዘረጋ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሙሴ ሸፍኔ ጋር ሆነው ኩባንያውን ፓሪስ ላይ አቋቋሙ።

የዚያን ውል ስፋት ሳስብ ይገርመኛል። እስከ ከፋና ነጭ አባይ ድረስ የታለመለት ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት እንኳ አልቻለም፤ ወጪው ከብዶ ከተራራው ስር ቆመ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። በመሐሉ የኢሳ ሶማሌዎች በግጦሽና በውሃ መሬታቸው ላይ ሳይጠየቁ የመጣባቸውን ብረት ተቃውመው ሠራተኛውን ተዋግተዋል። የመጀመሪያው ኩባንያ ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም አካባቢ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱን ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ቀጠለ። ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ እያለ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር።

የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ በዚህ በረሃ ጣቢያ ማለት ውሃ ማለት ነበር፤ ውሃ ያለበት ደግሞ ግመልም ሰውም ይሰበሰባል። ከአገራችን የባቡር ከተሞች ብዙዎቹ እንደዚህ ነው የተወለዱት። በ1940ዎቹ ዓ.ም የናፍጣ ሞተር ሲመጣ ባቡሩ በየጣቢያው መጠጣት ተወ። ጣቢያዎቹ ግን ቀሩ፤ ሻይ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ የኤረር ብርቱካን በባቡሩ መስኮት እየሸጡ።

ያ ገበያ የዋዛ አልነበረም። ባቡሩ በቆመባቸው ደቂቃዎች የቤተሰብ ቀለብ ይገኝበት ነበር። ነገር ግን መቶ ዓመት ሙሉ በመስኮት የተሸጠው ወተት መቶ ዓመት ሙሉ ያው ወተት ነበር። ቅርጹን አልለወጠም፣ ዕድሜውን አላራዘመም፣ ከሚቀጥለው ጣቢያ አልዘለለም። ስዊዘርላንድና አፍደም የተለያዩት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

* * *

ስዊዘርላንድ ሀብታም ሆና አልተፈጠረችም። በ1816 እና በ1817 እ.ኤ.አ. በጋው በበረዶ ተመትቶ፣ እህሉ ሳይደርስ ቀርቶ፣ በምሥራቁ ክፍል ያለው ሕዝብ ሣር እስከ መብላት ደርሷል። ለዘመናት ወጣቶቿን ለሌሎች አገሮች ነገሥታት በወታደርነት ስታከራይ ኖራለች፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሺህ ሰው ረሃብ ሸሽቶ አሜሪካ ተሰዷል። ያላት ነገር ተራራና ከብት ነበር። አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን ወደ ከፍታው ይነዳል፤ የመንደሩ ሰው ወተቱን በአንድ ላይ አሰባስቦ አይብ ይሠራል፤ በየላሚቱ የተገኘው ወተት ተለክቶ ስለተመዘገበ በወቅቱ መጨረሻ አይቡ በዚያው ልክ ይከፋፈላል። ነገሩ ለአፍደም ሴቶች እንግዳ አይደለም። እነርሱም ወተታቸውን በተራ ያሰባስባሉ፤ ዛሬ አንዷ የሁሉንም ይዛ ገበያ ትወርዳለች፣ ነገ ሌላዋ። ሃግባድ የሚሉት እቁባቸውም አለ።

በ1866 እ.ኤ.አ. ካም በምትባል ትንሽ የስዊዘርላንድ መንደር አንድ ፋብሪካ ተከፈተ። ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የስዊዝን ላም አይተው የከፈቱት ሲሆን ሥራው ወተትን አትንኖ፣ ስኳር ጨምሮ፣ በቆርቆሮ ማሸግ ነበር። በዚያው ሰሞን ሄንሪ ኔስሌ የሚባል የመድኃኒት ባለሙያ ቬቬ በምትባል ከተማ ወተትንና የስንዴ ዱቄትን አዋሕዶ የሕፃናት ምግብ መሥራት ጀመረ። ሁለቱ ኩባንያዎች ለዓመታት ተፎካክረው በ1905 እ.ኤ.አ. ተዋሐዱ። ዛሬ በየሱቃችን መደርደሪያ ላይ ስሙን የምናየው ኩባንያ ያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማየት የምፈልገው ቆርቆሮውን ነው። ጠዋት የታለበ ወተት እስከ ማታ ነው ዕድሜው። በቆርቆሮ ሲታሸግ ግን ወራት ይቆያል፤ በባቡር ወርዶ በራይን ወንዝ ወይም በሐዲድ ወደብ ይደርሳል፤ ባሕር ይሻገራል። ባሕር የሌላት አገር ወደ ባሕር የደረሰችው የወተቷን ዕድሜ በማርዘም ነው። ቆርቆሮ ሲያስፈልግ ቆርቆሮ የሚቆርጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ማሽን ሲሰበር የሚጠግን፤ ሳጥን የሚመታ፤ በቆርቆሮው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያትም። አንዱ ሥራ ሌላውን ይወልዳል። ኢኮኖሚስቶች ብዙ የሚጽፉለት የኢንዱስትሪ ትስስር መንደር ውስጥ ሲታይ እንዲህ ነው።

ዙሪክ ውስጥ በ1805 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ኤሸር ዊስ የተባለ ኩባንያ ታሪክ ብናይ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። ሲጀመር የክር መፍተያ ነበር። የምፈትልባቸውን ማሽኖች ራሴ ልሥራ፣ ራሴ ልጠግን አለ። የራሱን ማሽን የሠራ ለጎረቤቱም ይሠራል፤ ስለዚህ ማሽን ሻጭ ሆነ። ፋብሪካዎቹ የሚንቀሳቀሱት በወንዝ ኃይል ስለነበር በኋላ የውሃ ተርባይን ወደ መሥራት ተሻገረ። በ1891 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ባደን ከተማ ብራውን ቦቨሪ የተባለው የኤሌክትሪክ ማሽኖች ኩባንያ ተነሣ። ባዝል ውስጥ እንዲሁ ሐር ጥብጣብ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ቀለም ፈለጉ፤ ቀለም የሠሩት ኬሚስቶች መድኃኒት ሠሩ። ከስዊዘርላንድ የወጪ ንግድ ግማሽ ያህሉን የሚሸፍነው ዛሬ የኬሚካልና የመድኃኒት ምርት ነው፤ መነሻውም ጥብጣብ ነው። በአንድ ምሽት የዘለለ የለም። እያንዳንዱ ሥራ ቀጣዩን ሥራ የሚያውቅ እጅ አስተምሮ ነው ያለፈው።

* * *

እኛ ጋ እንዲህ ያለ እጅ አልነበረም ማለት ግን ሐሰት ነው። ድሬዳዋ ነበረ።

ድሬዳዋ ውስጥ ያለውን የባቡር ወርክሾፕ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ከፍ ባለ ጣራ ስር አሮጌ ቶርኖዎች፣ መጋዞች፣ የብረት ማቅለጫ። ኩባንያው በደከመባቸው፣ መለዋወጫ ከውጭ በማይመጣባቸው ዓመታት ሠራተኛው የጎደለውን ዕቃ ራሱ እያቀለጠና እየቆረጠ ባቡሩን ያስኬድ ነበር። አፍደም ላይ ሕይወቱን ሐዲድ ሲጠግን የኖረ አንድ ጡረተኛ አግኝቻለሁ። አማርኛ፣ ሶማሌኛና ኦሮምኛ ይናገራል፤ ፈረንሳይኛውንም ለቁጥርና ለመሣሪያ ስም ያህል ይዞታል። ቤቱ ገብተን ሻይ እንደያዝን ከአልጋው ስር በጨርቅ የተጠቀለለ የብሎን መፍቻ አወጣ። እጄ ላይ ሲያስቀምጠው ክብደቱ ወደ ታች ሳበኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ከፈረንሳይ የመጣ ነው?» አልኩት።

«የፈረንሳዩማ ተሰበረ!» አለ፤ ዓይኑ በራ። «ይኼ ድሬዳዋ የተሠራ ነው። ጓደኛዬ ነው የሠራው፤ ነፍሱን ይማር። አየህ፣ አፉን ትንሽ ሰፋ አድርጎታል። የዚህ መስመር ብሎን በፀሐይ እንደሚያብጥ ያውቃል።»

መፍቻውን እያገላበጥኩ ዝም አልኩ። አንድ ሠራተኛ ከውጭ የመጣን መሣሪያ የአገሩ ፀሐይ በሚፈልገው ልክ አሻሽሎ ሠርቷል። የዙሪኩ ክር ፈታይ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የመጣው ቀጥሎ በሆነው ነገር ነው። የዙሪኩ ወርክሾፕ ለሌላ ፋብሪካ ማሽን እንዲሠራ ገበያው፣ ባንኩና ሕጉ በር ከፈቱለት። የድሬዳዋው ወርክሾፕ እስከ መጨረሻው የሚሠራው ለአንድ ባቡር ብቻ ነበር። ባቡሩ ሲቆም እርሱም ቆመ፤ ያ እውቀት በየቤቱ አልጋ ስር ገባ። ጉዳዩ ከልብ የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው።

የባለቤትነቱም ነገር አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባቡሮቹ መጀመሪያ የግል ኩባንያዎች ነበሩ፤ ከአክሲዮኑም ብዙው በውጭ ሰዎች እጅ ነበር። በ1898 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ባቡሩን የመንግሥት አደረገው፤ የፌዴራል ባቡር ድርጅቱም በ1902 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ልብ በሉ፣ ዘመኑ ባቡራችን ድሬዳዋ የገባበት ነው። በዚያው ዓመት እነርሱ ታሪፉን ራሳቸው መወሰን ጀመሩ፤ የእኛው ታሪፍ ግን ፓሪስ ላይ ይወሰን ነበር። ኢትዮጵያ በኩባንያው ግማሽ ድርሻ ያገኘችው በ1950ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም ጅቡቲ ነፃ ስትወጣ የፈረንሳይ ድርሻ ወደ እርሷ ዞረ፤ በዚያው ክረምት ግን የሶማሊያ ጦር ገብቶ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ለወራት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለው የእርጅና ታሪክ ነው። ባቡሩ እየዘገየ፣ እየወደቀ፣ በመጨረሻም ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000 ዓ.ም ገደማ ዝም አለ።

* * *

በ1914 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከሰል ከጀርመን ትገዛ የነበረችው ስዊዘርላንድ ባቡሯ ሊቆም ደረሰ። ትምህርቱን ግን አልረሳችውም። ያላት ነገር ከተራራ የሚወርድ ውሃ ነበር፤ ስለዚህ ግድብ ሠርታ ባቡሩን በኤሌክትሪክ ማስኬድ ጀመረች። ታላቁ የጎታርድ መስመር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በኤሌክትሪክ ተንቀሳቀሰ። ማሽኑን የሠሩት የራሷ ፋብሪካዎች ናቸው። ችግሩ ነዳጁን ብቻ አልለወጠም፤ የኤሌክትሪክ ባቡር ሠሪዎችን ፈጠረላት።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም እኛም የኤሌክትሪክ ባቡር አስመረቅን። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ስፋቱ ዓለም አቀፍ መለኪያ የሆነ ሐዲድ። ከሚኤሶ ወዲያ ያለውን፣ ማለትም አፍደምን የሚያልፈውን ክፍል፣ የሠራው ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። በዚያው 2016 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ከተራራዋ ስር 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በዓለም ረጅሙን የባቡር ዋሻ ከፈተች። ሁለታችንም ባሕር የለንም፣ ሁለታችንም በውሃ ኃይል የሚሄድ ባቡር አለን። በዚህ አንፃር ሳየው ስለ ሲንጋፖር ከምናወራው ይልቅ ስለ ስዊዘርላንድ ብናወራ ይጠቅመናል እላለሁ። ሲንጋፖር ወደብ ናት፤ እኛ አይደለንም።

አዲሱን ባቡር ለስድስት ዓመት ገደማ የቻይና ኩባንያዎች ካስተዳደሩት በኋላ ሥራው ወደ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን እጅ ተዛውሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከምረቃውም ይበልጣል ባይ ነኝ። ዛሬ ባቡሩን የሚነዱት፣ ምልክቱን የሚቆጣጠሩት ወጣቶች የዚያ የአልጋ ስር መፍቻ ወራሾች ናቸው። ጥያቄው ወርክሾፓቸው እንደገና ለአንድ ባቡር ብቻ ይሠራል ወይስ ለፋብሪካው፣ ለወፍጮው፣ ለወተት ማቀዝቀዣውም ይተርፋል የሚል ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ከወጣቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው አሥራ አምስት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው የሙያ ሥልጠና ውስጥ ይገባል። ከሳምንቱ ሦስት አራት ቀን ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ቀሪውን ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ ደመወዝም ያገኛል። ሲጨርስ የሚሰጠው ወረቀት በአገሩ ሁሉ የሚከበር ነው። ማሽን ጠጋኙ ከፈለገ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ይሻገራል። የኢልግ ፖሊቴክኒክ የታወቀ ቢሆንም አገሪቱን ያቆማት ከእርሱ በታች ያለው ይህ ሰፊ መሠረት ነው። እኛ አገር የሙያ ትምህርት ገና «ነጥብ ያልመጣለት» የሚሄድበት ተደርጎ ይታያል። በዚህ ዓይን እያየነው ፋብሪካ አይቆምልንም።

የስዊዘርላንድ መንገድ አበባ የተነጠፈበት እንዳልነበር ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። በፋብሪካዎቿ ሕፃናት ከንጋት እስከ ማታ ሠርተዋል፤ ሥራውን የገደበው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1877 እ.ኤ.አ. ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኳርትዝ ሰዓት ከጃፓን ሲመጣ ደግሞ የተኩራራችበት የሰዓት ኢንዱስትሪ ሊጠፋ ተቃርቦ ከሠራተኛው ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው ሥራ አጥቷል። በቡናም ቢሆን አንድ ፍሬ ሳታበቅል ከቸኮሌቷና ከአይቧ በላይ ገቢ ታገኝበታለች፤ ጥሬውን ከእኛና ከመሰሎቻችን ገዝታ፣ ቆልታና አሽጋ ትሸጠዋለች። ይህን ስሰማ ቅሬታ ይሰማኛል። ግን ቅሬታዬ የሚያስተምረኝ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ ያለው ከዛፉ በኋላ፣ ከጡቱ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው።

* * *

የግመል ወተት እንደ ላም ወተት በቀላሉ አይረጋም፤ አይብ ለማድረግ ያስቸግራል። ይህ እውነት ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ወተት ላይ ለዓመታት ምርምር ሲያደርግ ቆይቷል፤ ለግመል ወተት የሚስማማ ማርጊያም በዓለም ገበያ ከወጣ ቆይቷል። ነገሩ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ሞሪታንያን መጥቀስ ይበቃል። ኑዋክሾት ከተማ ውስጥ ቲቪስኪ የሚባል የወተት ፋብሪካ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዘላን አርብቶ አደሮች ወተት ይገዛል። አርብቶ አደሩን አንድ ቦታ ተቀመጥ አላለውም። መሰብሰቢያ ጣቢያና ማቀዝቀዣ አዘጋጅቶ፣ ለከብቱ ሕክምና አቅርቦ፣ ወተቱን አፍልቶና አሽጎ ለከተማው ይሸጣል። በረሃው ከአፍደም በረሃ አይለሰልስም።

አፍደም ያለችበት ሲቲ ዞን በ2008 ዓ.ም ድርቅ ብዙ ከብት አልቆበታል። ያኔ ሰው ሀብቱ ዓይኑ እያየ ቆዳ ሆኖ ቀረበት። ሀብት ሁሉ በእግሩ የሚሄድ ሲሆን ዝናብ ሲቀር ሁሉም አብሮ ይሄዳል። በዝናቡ ዘመን ከተሸጠው ወተት የተረፈች ብር ባንክ ውስጥ ብትኖር፣ ፍየሉ ሳይከሳ ወደ ቄራ የሚወስደው መንገድ ቢኖር፣ ጉዳቱ ያን ያህል አይሆንም ነበር። ስለ ኢንዱስትሪ ስናወራ ለአፍደም እናት የምናወራላት ስለ ጭስ ማውጫና ስለ ትልቅ ሕንፃ አይደለም፤ ዝናብ በቀረ ጊዜ ልጆቿ ምን እንደሚበሉ ነው።

መሠረቱ አጠገቧ አለ። ድሬዳዋ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅና ሲሚንቶ ያመረተች ከተማ ናት። ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቶባታል። ሞጆ ላይ ለአበባና ለአትክልት የሚሆን የቀዝቃዛ ጭነት ማዕከል ታቅዷል። ጅቡቲ ወተትና ሥጋ የምትገዛ ከተማ ናት። ጎድሎ የማየው ከግራሩ ጥላ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጥቂት ሰዓት ነው። ስዊዞች በቆርቆሮ የሞሉት ክፍተት ይህ ነበር።

አፍደም ወተት ማትነኛ ይተከልባት አልልም፤ ለዚያ ጊዜው ገና ነው። የመጀመሪያው ነገር በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው አንድ የወተት መሰብሰቢያ ነው፤ ባለቤቶቹም በተራ ወተት የሚያሰባስቡት ሴቶች ራሳቸው ይሁኑ። ማቀዝቀዣው ሲበላሽ አዲስ አበባ ደውሎ ወር የሚጠብቅ ሳይሆን እዚያው የሚጠግን አንድ ወጣት ይሠልጥን፤ ከጡረተኛው መፍቻ ጀምሮ። ሁለተኛው ነገር ባቡሩ ነው። ባቡሩ ግመል ስለሚገጭበት፣ ሽቦ ስለሚሰረቅበት፣ በካሣ ስለሚጨቃጨቅ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ያለው ግንኙነት የሻከረባቸው ጊዜያት አሉ። ሐዲዱን እንዲጠብቅ የሚፈለገው ሕዝብ ከሐዲዱ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይገባል። ወተቱን ጭኖ የሚያልፍ ባቡር ጠባቂ አይቸግረውም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ኃላፊዎች፣ ለሶማሌ ክልል መንግሥትና ለድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማለዳ ላይ፣ አንዲት ማቀዝቀዣ ያላት ፉርጎ አፍደም ላይ ለአሥር ደቂቃ ትቁም። በዚያ ቀን እኔ ባየሁት ገበያ መኪናው የመጣው አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ኤዶ ካዘጋጀቻቸው አምስት ጀሪካኖች ሹፌሩ ሦስቱን ጫነ፤ ሁለቱን ክዳናቸውን ከፍቶ አሸተተና መለሰላት።